ክሩን ማን ያውጣው? ውጭ አገር ከተሠራ የፀጉር ንቅለ ተከላ በኋላ የሚቀረው ሥራ

ለፀጉር ንቅለ ተከላ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ብዙ ነገር አጣርቶ ነው የሚነሳው። ስንት የፀጉር ሥር ይተከልልኛል? ያማል? ሆቴሉ ከክሊኒኩ ይርቃል? ፀጉሩ መቼ ይበቅላል? አንዱ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ከኋላ ያለውን ስፌት ማን ያወጣልኛል?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ሥራውም ቢሆን ትንሽ ነው፤ እጇ የለመደ ነርስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትጨርሰዋለች። ችግሩ ሥራው ባለቤት የለውም። የሰፋው ክሊኒክ ሌላ አገር ነው። ቅርብ ያለው ሐኪም ደግሞ ሌላ ሰው የጀመረውን ሥራ መጨረስ ይከብደዋል። ታካሚው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ክሩ መውጣት ያለበት ቀን ያልፋል። ለሕክምና ጉዞ የሚከፈለው የጥቅል ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ነው የሚሸኘው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን እንደሚረከብ ቀድሞ የሚነጋገር ሰው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ስፌት አለ ወይ?

ሁሉም ንቅለ ተከላ ስፌት የለውም። ዛሬ በብዛት የሚሠራው፣ በተለይ የዚህ ገበያ ማዕከል በሆነችው ኢስታንቡል፣ ኤፍ ዩ ኢ የሚባለው ዘዴ ነው። የፀጉር ሥሮቹ ከኋላ በኩል አንድ በአንድ ይወጣሉ። ማውጫው ክብ ስለት ነው፤ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ቀዳዳዎቹ በራሳቸው ይደፈናሉ። ክር የሚባል ነገር የለም። በማስታወቂያ ላይ የሚታዩት "ሳፋየር" እና "ዲ ኤች አይ" የሚሉት ስሞችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የሚለዩት በአተካከሉ እንጂ በአወጣጡ አይደለም።

ስፌት ያለው ኤፍ ዩ ቲ ወይም "ስትሪፕ" የሚባለው ነው። ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ከአንዱ ጆሮ ጀርባ ወደ ሌላው የሚሄድ ጠባብና ረጅም የቆዳ ቁራጭ ከነፀጉሩ ይነሳል። ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ቁራጩ በማይክሮስኮፕ ሥር እየተከፋፈለ ለተከላ ይዘጋጃል። የቀረው ክፍተት ግራና ቀኙ ተጎትቶ ይሰፋል። ጠባሳው ፀጉሩ ሲያድግ የሚሸፈን አንድ ቀጭን መስመር እንዲሆን ነው የሚታሰበው።

"ያረጀ ዘዴ ነው፤ ማን ያሠራዋል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙዎች ያሠሩታል፤ በቂ ምክንያትም አላቸው። በአንድ ቀን ብዙ የፀጉር ሥር ለማግኘት ያመቻል። የኋላውን ፀጉር ሙሉ በሙሉ መላጨት አያስፈልግም። በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ደግሞ ሥሩ ከቆዳ በታችም ስለሚጎብጥ አንድ በአንድ ሲወጣ የመቆረጥ ዕድሉ ከፍ ይላል። ቁራጩ ከወጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ እያዩ መከፋፈል ለእነሱ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ። ጃፓናዊው ሐኪም ኦኩዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ፀጉር ያለው ቆዳ በትናንሹ እያወጡ መትከል እንደሚቻል ጽፎ ነበር። በአሜሪካ ኖርማን ኦሬንትራይክ ለራሰ በራነት የመጀመሪያውን ንቅለ ተከላ በ1952 ሠራ። ስትሪፕ ከማይክሮስኮፕ ጋር የተስፋፋው በ1990ዎቹ ነው። ኤፍ ዩ ኢ በሕክምና ጽሑፎች የታወቀው በ2002 ነው። ከዚያ ወዲህ "ያለ ስፌት" የሚለው ቃል ዋነኛው ማስታወቂያ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ንቅለ ተከላ ያሠራ ሰው ስፌት አለብኝ ሲል፣ ጤና ባለሙያው ራሱ "ፀጉር ተከላ ስፌት አለው እንዴ?" ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም። አስረድቶ መጀመር ይጠቅማል።

የቀኑ ሂሳብ

ተራ የራስ ቆዳ ስፌት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። የስትሪፕ ስፌት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ምክንያቱ መወጠር ነው። እዚህ ቆዳው ተቀንሶ ተወስዷል፤ የቀረው ተስቦ ነው የተገናኘው። ሰውየው አንገቱን ባጎነበሰ ቁጥር ሁለቱ ጠርዞች ለመለያየት ይታገላሉ።

ክሩ ቀኑ ሳይደርስ ከወጣ ጠባሳው ይሰፋል፤ ሲብስም ቁስሉ ይከፈታል። ከሚገባው በላይ ከቆየ ደግሞ ክሩ በገባበትና በወጣበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ጠባሳ ይተዋል። ቀጭን መስመር ሊሆን የነበረው ነገር የባቡር ሐዲድ ይመስላል። ክሩ ዙሪያም ቆዳ ይደርብበታል፤ ያኔ ማውጣቱ ያማል፣ ቁርጥራጭም ውስጥ ይቀራል።

አሁን የጉዞውን ቀን አስቡት። አብዛኛው ጥቅል ሦስት ወይም አራት ቀን ነው። አንድ ቀን ምርመራ፣ አንድ ቀን ቀዶ ሕክምና፣ አንድ ቀን እጥበት፣ ከዚያ በረራ። ስፌቱ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ታካሚው ቤቱ ከገባ ሳምንት አልፎታል። ይህ በአጋጣሚ የሚመጣ ችግር አይደለም። ትኬቱ ሲቆረጥ ጀምሮ የታወቀ ነው። ክሊኒኩም ያውቀዋል። ስለዚህ "እዚያ ስትደርሱ ማንኛውም ነርስ ያወጣላችኋል" የሚለው መልስ ለእኔ በቂ መልስ አይደለም። ማንኛውም ነርስ ልታወጣው ትችል ይሆናል፤ ግን ምን እንደምታወጣ ማወቅ አለባት።

ምን ዓይነት ክር ነው?

ክር ሁሉ አንድ አይደለም። ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚሟሟ አለ፤ ይሄኛው ማንም ባይነካውም ይጠፋል። የማይሟሟ አለ፤ ናይሎንና ፖሊፕሮፒሊን በብዛት ይታያሉ፤ እነዚህ የግድ መውጣት አለባቸው። ሦስተኛው ክር ሳይሆን የብረት ስቴፕል ነው፤ ወረቀት እንደሚያያይዘው ሽቦ የቁስሉን ጠርዞች የሚያያይዝ። ብዙ ሐኪሞች ደግሞ በሁለት ንብርብር ይሰፋሉ፤ ከሥር የሚሟሟ፣ ከላይ የሚወጣ። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የላዩን አውጥቶ የሥሩን ጫፍ ሲያይ የተረሳ ክር መስሎት ሊጎትተው ይችላል። የሥሩ ክር ግን ገና ቁስሉን የያዘው እሱ ነው።

የአሰፋፉ መንገድም ይለያያል። አንዳንዱ ስፌት እያንዳንዱ ለብቻው የታሰረ ነው። አንዳንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ አንድ ረጅም ክር ነው፤ የሚታሰረው ሁለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ቀለሙ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ፖሊፕሮፒሊን አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ስለሆነ በጥቁር ፀጉር መካከል ይታያል። ጥቁር ናይሎን በጥቁር ፀጉር ውስጥ ሲሆን ግን ሁለት ሳምንት ካደገው ፀጉር ጋር ይመሳሰላል። አንድ ስፌት ተረስቶ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ይፈታል። የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ ዘዴው፣ የክሩ ዓይነት፣ አሰፋፉ፣ ስቴፕል ከሆነ ብዛቱ፣ መውጣት ያለበት ቀን፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ የሠራው ሐኪም ስምና ፊርማ። ወረቀቱ ቅርብ ያለው ሐኪም በሚያነበው ቋንቋ መሆን አለበት። ስቴፕል ከሆነ ማውጫ መሣሪያውንም መጠየቅ ነው። ትንሽና ርካሽ ዕቃ ናት፤ ስቴፕሉን መሃሉ ላይ ተጭና እግሮቹን ከቆዳው ታላቅቃለች። እሷ ከሌለች ግን ባለሙያው በሌላ ነገር እየታገለ ቁስሉን ያቆስለዋል። የሚደርሱበት ቦታ መሣሪያው እንዳለ ካላረጋገጡ ይዘው ይምጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቱን ዋትስአፕ ላይ የሚያነጋግራችሁን ሰው ብትጠይቁት "ችግር የለም፣ ፎቶ ላኩልኝ" ሊል ይችላል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ የደንበኞች አስተባባሪ ነው። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፀጉር ማደስ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር፣ ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች የሐኪም ሥራ የሚሠሩባቸውን ቦታዎች በመቃወም ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። በሐኪም የተፈረመ ወረቀት መስጠት የማይችል ክሊኒክ ካለ፣ ከክሩ የበለጠ የሚያሳስብ ጥያቄ አለ ማለት ነው። ጥያቄው ደግሞ ገንዘቡ ሳይከፈል ነው መነሳት ያለበት።

ሐኪሙ ለምን ያመነታል?

"ያሠራህበት ሂድ" የሚል መልስ የሚያገኙ ሰዎች አሉ። አባባሉ ያስከፋል፤ ከጀርባው ያለው ስጋት ግን መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን አላየም። ጥልቀቱን አያውቅም። ነገ ጠባሳው ቢሰፋ "አንተ ነህ ያበላሸኸው" እንዳይባል ይሰጋል። በመንግሥት ወይም በመድን የሚሸፈን አገልግሎት ከሆነ ደግሞ ለውበት ተብሎ የተሠራ ነገር አይመለከተንም የሚል ደንብ ሊኖር ይችላል።

ስጋቱን ባከብርም እዚህ ላይ ከሐኪሞቹ ጋር አልስማማም። የተበላሸ የተከላ ሥራን ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ በሥርዓት የዳነ ቁስል ላይ ያለ ክር ማውጣት ሌላ ነው። ሁለተኛው መደበኛ የቁስል እንክብካቤ ነው። ሰውየው ለምን እንደተቀደደ የክሩን አወጣጥ አይለውጠውም። ደግሞም እምቢ ሲባል ክሩ በራሱ አይወጣም። ታካሚው ወደ ባሰ መንገድ ይሄዳል። ወንድሙን በቤት መቀስ እንዲያወጣለት ይጠይቃል፤ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ይሄዳል፤ ወይም መስታወት ደግፎ በራሱ እጅ ይሞክራል። የራስን የኋላ ጭንቅላት አይቶ ክር መቁረጥ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ቁጣና ምክር የተቀላቀለበት አቀባበል ነው። ፀጉሩ በመሳሳቱ ለዓመታት ያፈረ ሰው፣ ለማሻሻል ባደረገው ነገር ደግሞ እንዲያፍር ሲደረግ ቁስሉን ይደብቃል። ቀይ ሆኖ ሲያብጥ አይናገርም። የተደበቀ ቁስል ለሐኪሙም ለታካሚውም አይበጅም።

የሚቀለው መንገድ ከጉዞው በፊት መነጋገር ነው። "በዚህ ቀን አካባቢ ስፌት ይዤ እመጣለሁ፤ የክሩን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት አመጣለሁ፤ ታወጡልኛላችሁ?" ቢባል የሚያገኘው መልስ፣ አስራ ሦስተኛው ቀን ላይ በድንጋጤ ከሚጠየቀው ይለያል። የድንገተኛ ክፍል ለዚህ ሥራ አይደለም። ቁስል የሚያጥቡና የሚሰፉ ነርሶች ያሉበት ማንኛውም ክሊኒክ፣ የቆዳ ሐኪም፣ ወይም ጥቃቅን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ይበቃል።

ሲወጣ እንዴት ነው?

ጠዋት ፀጉሩ በለስላሳ ሻምፑ ይታጠባል። ደም የደረቀበት ቅርፊት ክሩን ስለሚይዘው በደንብ ቢርስ ጥሩ ነው። ክሬምና ቅባት ግን አይቀባም።

አቀማመጡ ላይ ነው ጥንቃቄው። ነርሷ እንደ ልማዷ "በሆድህ ተኛ" ልትል ትችላለች። በሆድ መተኛት ግን ግንባርን አልጋ ላይ ማሸት ነው፤ አዲሱ ፀጉር ያለው ደግሞ እዚያ ነው። የተተከሉት ሥሮች በ10 ቀን ገደማ በቦታቸው ይጸናሉ፤ ቢሆንም ገና ለስላሳ የሆነ ቆዳ ላይ ክብደት መጫን አያስፈልግም። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክንድን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ አገጭን ወይም ጉንጭን ማስደገፍ ይሻላል። የላይኛው ክፍል አይነካም፣ ፋሻም አይጠመጠምበትም። ይህን መናገር የታካሚው ድርሻ ነው።

ከዚያ ቦታው በጸረ ተሕዋስያን ይጸዳል። የኋላው ፀጉር ወደ ላይ ተሰብስቦ ይያዛል። ነርሷ ቋጠሮውን በወረንጦ ከፍ ታደርግና ከሥሩ፣ ቆዳው አጠገብ ትቆርጣለች። ከቋጠሮው ሥር የምትቆርጥበት ምክንያት አለ። ውጭ የነበረው ቆሻሻ ክር በቆዳው ውስጥ አልፎ እንዳይሄድ ነው። ስትስበውም ወደ ቁስሉ መስመር ነው፤ ወደ ውጭ ከተሳበ ጠርዞቹ ይለያያሉ። አንድ ረጅም ክር ከሆነ ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ይዞ ሃያ ሴንቲ ሜትር መጎተት ያማል፤ ሊበጠስም ይችላል። በየመሃሉ እየቆረጡ በአጭር በአጭሩ ማውጣት ይቀላል። የወጡት ቁርጥራጮች ይቆጠራሉ።

ማደንዘዣ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ስትሪፕ ሲነሳ ትናንሽ ነርቮች ስለሚነኩ አካባቢው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደነዝዛል። ያ መደንዘዝ ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ በዚህ ቀን ግን ይጠቅማል። ጠብታ ደም ቢወጣ በንጹሕ ጎዝ ትንሽ ተጭኖ መያዝ ይበቃል።

ጥሩ ነርስ መሃል ላይ ቆም ብላ ታያለች። ጥቂት ስፌት ከወጣ በኋላ ጠርዙ ሊከፈት ካለ የቀረውን ትታ ቀን ታራዝማለች። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከጥቂት ቀን በኋላ ማውጣትም ያለ ነገር ነው። በተለይ ጆሮ አካባቢ በደንብ ድኖ መሃሉ የተወጠረ ከሆነ እንደዚያ ይደረጋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቀን ካልወጣ አትደንግጡ።

ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጥ ነገር

ክሩ እስኪወጣ መጠበቅ የሌለበት ጊዜ አለ። መቅላቱ ከመስመሩ አልፎ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ካለ፣ ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ዳር ላይ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ከተከፈተ፣ ያኔ የዕለቱ ጉዳይ ነው። ፀጉሩ መካከል የሚወጡ ጥቃቅን ብጉሮች ግን ብዙ ጊዜ የተለመዱ ናቸው።

ለሐኪሙ የት አገር እንደተሠራ መንገር የግድ ነው። ማፈር አያስፈልግም። በአንዱ አገር የተለመዱ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በሌላው ላይገኙ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው የውበት ቀዶ ሕክምና ያሠሩ አሜሪካውያን ላይ በተራ ፀረ ባክቴሪያ የማይድን፣ ማይኮባክቴሪየም የሚባል የባክቴሪያ ዓይነት መገኘቱን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መዝግቧል። የፀጉር ተከላ አልነበረም። ትምህርቱ ግን እዚህም ይሠራል፤ ከሳምንታት በኋላ የማይድን እብጠት ሲታይ ሐኪሙ ስለ ጉዞው ካላወቀ ትክክለኛውን ምርመራ ለማዘዝ ይዘገያል። ጠባሳቸው የሚያብጥ፣ ኬሎይድ ያለባቸው ሰዎችም ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መናገር አለባቸው። አንዳንድ ጊዜ ለእነሱ የሚሻለው ስትሪፕን ጨርሶ መተው ነው።

ክሩ ከወጣ በኋላ

ክር ወጣ ማለት ቁስሉ ጠነከረ ማለት አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ የዳነ ቁስል ጥንካሬ ከጤነኛ ቆዳ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከወራት በኋላም ከ80 በመቶ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ አንገትን አጥፎ የሚሠራ ስፖርት፣ የጂም ብረት ለተጨማሪ ሳምንታት ይቆያል። ብዙ ሰው "ክሬ ወጣ" ብሎ በሳምንቱ ጂም ይገባል። ጠባሳው የሚሰፋው ያኔ ነው።

የተተከለው ፀጉር በዚሁ ወቅት መርገፍ ሲጀምር ደግሞ ብዙዎች ክር ያወጣውን ሰው ይጠረጥራሉ። ግንኙነት የለውም። ከተከላው በኋላ ባሉት ሳምንታት ግንዱ ይረግፋል፣ ሥሩ ይቀራል። አዲስ ፀጉር ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ወር ጀምሮ ብቅ ይላል፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው።

የጠባሳው ጉዳይ ግን ለክርክር ክፍት ነው። ከግማሽ ዓመት በኋላ መስመሩ ሰፍቶ ከተገኘ ውጭ ያለው ክሊኒክ "ቀኑ ሳይደርስ ነው የወጣው" ይላል። ያወጣው ባለሙያ "ሲሰፋ ነው ተወጥሮ የነበረው" ይላል። ታካሚው መሃል ላይ ማስረጃ ሳይኖረው ይቀራል። ለዚህ ነው ክሩ በወጣበት ዕለት ሁለት ፎቶ ማንሳት የሚበጀው፣ አንዱን ከመውጣቱ በፊት፣ አንዱን ከወጣ በኋላ። ከዚያ ነርሷን አጭር ማስታወሻ መለመን፤ ቀኑ፣ የወጣው ስፌት ብዛት፣ የቁስሉ ሁኔታ፣ ፊርማ። አንዱ ቅጂ ለክሊኒኩ ይላካል፣ አንዱ ከቀዶ ሕክምናው ወረቀት ጋር ይቀመጣል።